በቧንቧ የታሰረ ቡሎን

የሞተር ሳይክል ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ብረት ነው። የሚገባበት የሞተሩ ሆድ ደግሞ አሉሚኒየም። ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቁልፍ ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ አያጠብቅም። የእኔን ዘይት የቀየረው ልጅ ግን ሰካ። «ቀስ በል እንጂ» ብለው «አብሽር ጋሼ፣ ጠብታ አይወጣውም!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያን ሰሞን አልወጣውም። በሚቀጥለው ቅያሪ ግን ቡሎኑ ሲፈታ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተጠቅልሎበት መጣ።

የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ለምን እንደተናደድኩ ይገባዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያን ጠመዝማዛ ስትወርዱ፣ ከሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት ንፋሱ ወስዶ የኋላ ጎማ ላይ ይረጨዋል። ኩርባ ላይ ምን እንደሚከተል አልነግራችሁም።

ለመሆኑ ዘይቱን የሚያቆመው ማን ነው? ቡሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ስስ ቀለበት፣ ሮንዴላው! የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ ሲጨፈለቅ ክፍተቱን ይደፍናል። አንዴ የተጨፈለቀው ሲደገም በደንብ ላይደፍን፣ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ያኔ ልጁ ጉልበት ይጨምራል፣ ጥርሱም ይበላል። ስለዚህ በየቅያሪው አዲስ ሮንዴላ።

የትንንሽ ሞተሮች መመሪያ ለዚህ ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) ነው የሚለው። የ20 ሳንቲሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ግድም ብትጫኑ 25 አካባቢ ናችሁ። ያንኑ ጉልበት አንድ ሜትር ቧንቧ ላይ አሳርፉት፣ አምስት እጥፍ ሆነ። ቡሎኑ ደግሞ መጀመሪያ በጣት ይግባ። በጣት እምቢ ካለ ተጣሞ ገብቷልና አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ከተበላ በኋላስ? ሲሊኮንና ቴፕ ቤት ለመድረስ ያህል ናቸው። «ወፈር ያለ ቡሎን አስገድደን እናስገባ» የሚል ምክርም ሰምቼ ነበር፣ አልተቀበልኩም። እሱም ሲበላ ምን ሊቀር ነው?

ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ቀዳዳውን አስፍተው፣ አዲስ ጥርስ አውጥተው፣ ሄሊኮይል የሚባለውን የተጠመዘዘ ብረት አስገቡለት። መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፣ ካዘነበለ ሮንዴላው እኩል አይቀመጥም። መሰርሰሪያውንም ጥርስ ማውጫውንም ግራሶ አስቀባሁ፣ ፍርፋሪው እንዲጣበቅበት። በመጨረሻ ርካሽ ዘይት ከላይ አፍስሰን በቀዳዳው አስወጣነው። ጥቂት የሚያብለጨልጭ ብናኝ ወጣ።

አሁን ሮንዴላ ከኪሴ አይጠፋም። ማጥበቁንም ለማንም አልሰጥም።