የመንዝ ባና በእንዶድ ማጠብ፣ እስካሁን የደረስኩበት

አያቴ መንዝ ነው ያደገችው፣ እነሱ ቤት የሚነጠፈውም ማታ የሚለበሰውም ባና ነው፣ ሴቶቹ የፈተሉት ወንዶቹ የሸመኑት የበግ ፀጉር። ድሮ እንዴት ነበር የምታፀዱት እያልኩ ስጨቀጭቃት ከርሜ አሁን በራሴ እጅ እየሰራሁት ስለሆነ የገባኝን ላካፍላችሁ።

ዋናው ስራ ያለው ውሃ ሳይነካው በፊት ነው። በነሱ ጊዜ ባና ቶሎ ቶሎ አይታጠብም፣ ፀሐይ ጠንከር ሲል አጥር ላይ ይሰጣል፣ በቀጭን ዱላ ከጀርባው ይመታል፣ ይገለበጣል፣ ደሞ ይመታል፣ ከዛ ቁንጫው ምኑ እንዲለቅ ፀሐይ ላይ ይውላል። አቧራው ሳይወጣ ከረጠበ ጭቃ ሆኖ ክሩ ስር ይቀመጣል፣ ስለዚህ እኔም ስመታው ብናኝ እስኪጠፋ ድረስ ውሃ አላስነካውም።

እጥበቱ ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጠራ ነው፣ በእንዶድ። ፍሬው አረንጓዴ እያለ ተለቅሞ ይደርቅና ይወቀጣል፣ ስትወቅጡ አፍንጫችሁን በሻርፕ ሸፍኑ፣ በጣም ያስነጥሳል አይንም ያቃጥላል። ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በእጅ ማሸት ነው፣ መጀመሪያ ምንም አይመስልም ከዛ በቃ ነጭ አረፋ ይኩረፈረፋል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ነው፣ ለሱፍ ደሞ ከዱቄት ሳሙና በጣም ይሻላል ምክንያቱም አብዛኛው የዱቄት ሳሙና አልካላይን ስለሆነ ፀጉሩን ያደርቀዋል ያሻክረዋል። ሙቅ ውሃማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል። አያቴ "ጋቢ ሲሆን እንደልብህ ርገጠው፣ ባና ሲሆን ግን በእጅህ ጫን ጫን" ነው የምትለኝ፣ እውነትም ጫን ስታደርጉት ቡናማ ውሃ ከውስጡ ሲወጣ ታያላችሁ።

አይጠመዘዝም። ጠቅልላችሁ በጉልበት ተጫኑት፣ ከዛ ሳር ወይ ድንጋይ ላይ ዘርጉት፣ እርጥብ እያለ ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት የውሃው ክብደት ይለጥጠዋል።

አንድ ነገር አደራ፣ የእንዶዱን እጣቢ ወንዝ ውስጥ አትድፉ፣ አሳ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ የሚሆነውን ምርምር የጀመረው፣ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። እናቶቻችን በየወንዙ ሲያጥቡበት የኖሩት ነገር እኮ ነው፣ ሳስበው ደስ ይለኛል። እኔ እጣቢውን ከወንዝ ራቅ አድርጌ ደረቅ መሬት ላይ ነው የምደፋው፣ ዱቄቱንም ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።

አሁን የቀረኝ ነጩ መስመር ላይ ያለ የቡና እድፍ ነው፣ ሳሳ ብሏል እንጂ አለቀቀም። በሚቀጥለው እንዶዱን ወፈር አድርጌ እድፉ ላይ ብቻ አቆይቼ ላየው ነው፣ ባና ላይ ቡና ያስለቀቀ ካለ በናታችሁ ንገሩኝ።