ወደ ቀኝ ብቻ እጅ ስነሳ

ቅዳሴ መሃል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» የሚልበት ቦታ አለ። እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ያኔ ሕዝቡ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞሮ እጅ ይነሳሳል። ከደቂቃ አያልፍም። ልጆች ይሳሳቃሉ፤ አዛውንቶች ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ይላሉ።

እኔ አራት ዓመት ሙሉ ወደ ቀኝ ብቻ እጅ ስነሳ ኖርኩ። በግራዬ በኩል፣ ዓምዱ ሥር፣ ታላቅ ወንድሜ ይቆማል።

ነገሩ የአባታችን ላዳ ነው። አዎ፣ ሰማያዊና ነጭ የሆነችው፣ በሯን ከውጭ ካልከፈቱላት የማትከፈተው ላዳ ታክሲ። አባታችን ሲያርፍ ወንድሜ ሸጣት። በ210 ሺህ ብር ነው አለኝ። ቆይቶ ገዢውን አንድ ሰው ቤት ለቅሶ ላይ አገኘሁትና በ250 እንደገዛት በጨዋታ መሃል ነገረኝ። እንግዲህ ግማሹን ስታሰሉት የእኔ ድርሻ 20 ሺህ ብር ጎደለ ማለት ነው። «ገንዘቡ አይደለም፣ መናቁ ነው» እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡም ነበር።

ሁለታችንም እሑድ እሑድ ከጎፋ ገብርኤል አንቀርም። ጫማችንን አውልቀን በአንድ በር እንገባለን፤ ከዚያ እሱ ወደ ዓምዱ፣ እኔ ወደ መስኮቱ።

ቁርባንማ አይነሳ። ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብኩት ከ11 ዓመት በፊት የሠርጌ ዕለት ነው። በተክሊል ነው የተጋባነው፤ ካባው፣ አክሊሉ፣ ሁሉም ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ብዙ ሰው ሆንን። በአጥቢያችን ስታዩ የሚቆርቡት ሕፃናትና አዛውንቶች ናቸው። እኛ መሃለኞቹ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ እንሰግድና ገለል ብለን መንገድ እንለቃለን። ቁርባን እንደ ጡረታ ነው የሚታየን፤ ዕድሜው ሲደርስ የሚገባ ነገር። ለምን እንደማንቆርብ ስንጠየቅ ደግሞ መልሱ በእጃችን ነው። «እሳት ነው፣ እኔ ብቁ አይደለሁም።» ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ ቃል ጀርባ ላዳዋን ደብቄያት ነበር።

ባለፈው ፍልሰታ ልጄን ይዤ ስመላለስ ነው ነገሩ የተነካካው። ስድስት ዓመቷ ነው። የፍልሰታን ቅዳሴ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ በር ላይ የተደበላለቀው የልጆች ኮንጎ ጫማ። በአዘቦት ቀን ቅዳሴው የሚያልቀው ወደ 9 ሰዓት ነውና ልጆቹ ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ ይቆማሉ። የእኔዋ እግሬን ተደግፋ እንቅልፍ ይወስዳታል። ደወሉ ሲሰማ ግን ብድግ ነው። ቆርባ ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ጠበሏን ጠጥታ፣ ዓይኗ ብቻ ይታያል። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ፣ «አባዬ፣ አንተ ጎበዝ ነህ። ሁልጊዜ ተራህን ለሰው ትለቃለህ» አለችኝ።

እያመሰገነችኝ እኮ ነው። ምን ልበላት? ዝም ብዬ ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበልኩ።

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባታችን ቤት መጡ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ለመናገር ተዘጋጅቼ ጾም የሻርኩበትን፣ የዋሸሁበትን፣ የተሳደብኩበትን ደረደርኩ። አባ እስክጨርስ ሰሙኝና «ከወንድምህ ጋር እንዴት ናችሁ?» አሉኝ። የእሱም ንስሐ አባት እሳቸው ናቸው።

«ደህና ነን አባ።»

«እንግዲያው ነገ ይዘኸው ና።»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም አልጨመሩም። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። ባለቤቴ ሁሉንም ከጓዳ ሰምታ ኖሮ፣ «እኔ እኮ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አንተን ነው የምጠብቀው» አለችኝ። ባልና ሚስት አብረው ነው የሚቆርቡት። እኔ በ20 ሺህ ብር ሳኮርፍ ለካ እሷንም ከበሩ መልሻታለሁ። ይሄ ከአባ ጥያቄ በላይ አመመኝ።

በማግስቱ ከ10 ሰዓት በኋላ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ዕርቁ እንደ ድራማ አልነበረም። አልተላቀስንም። ሚስቱ ቡናውን ቆላች፣ ቆሎ ቀረበ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ሁለተኛው ስኒ ላይ «ሞተሯ ወርዶ ነበር እኮ፣ ለጋራዥ የከፈልኩትን አንተ አታውቅም» አለ። «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አልኩ። ድምፃችን ከፍ አለ። ሚስቱ በማማሰያ ጠረጴዛውን መታች። ሁለታችንም እንደ ልጅ ጸጥ አልን፤ ከዚያ እሱ ቀድሞ ሳቀ። ስወጣ «ይቅር በለኝ» አልኩት፣ «አንተም ይቅር በለኝ» አለኝ። በቃ። ሒሳቡ አሁንም አልገጠመልኝም። ግን መጠየቁን ትቼዋለሁ።

አባ ቀኖና ሰጡን። ጸሎትና ስግደት ነው፤ ጉልበቴ አሁንም ያስታውሰዋል። ነሐሴ 16 ከባለቤቴ ጋር ቆረብን።

ብርሃን አየሁ፣ ሰውነቴ ቀለለኝ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አላስተባብልም። እኔ ግን ሥጋውን ከካህኑ፣ ደሙን በእርፈ መስቀል፣ በመስቀሉ ማንኪያ ማለቴ ነው፣ ከዲያቆኑ ስቀበል የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የተቦረቦረ ጥርስ አለኝ። እዚያ ውስጥ ቢቀርስ? እስከ ማታ ድረስ ምላሴ ከጥርሴ አልተላቀቀም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የመጀመሪያው ቀን ትዝታዬ ይሄው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የገባኝ። አንድ ዲያቆን ጎረቤቴ «ቁርባን»ና «ቀረበ» ሥራቸው አንድ ነው ብሎኛል። እኔ ለመቅረብ መጀመሪያ ንጹሕ መሆን አለብኝ ብዬ ርቄ ስቆም ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ደግሞ በቤታችን የተኳረፈ ሰው ከአንድ ገበታ አይበላም። እናታችን እኔና ወንድሜ ስንጣላ እንጀራውን በአንድ ትሪ አቅርባ «እስቲ አትብሉ፣ አያችኋለሁ» ትለን ነበር። ከቤተልሔም፣ ማለትም ኅብስቱ ከሚጋገርበት ቤት፣ የሚመጣውም ኅብስት ለሁላችንም የሚቆረስ ነው። አባ ያንን ጥያቄ የጠየቁኝ ለካ ከርዕስ ወጥተው አልነበረም።

እምነቴ አደገ ለማለት አፍራለሁ። የሚታየኝ ትንንሽ ነገር ነው። ካህኑ «አአምን፣ አአምን፣ አአምን» ሲል ድሮ ሰዓቴን አይ ነበር። አሁን በሆዴ ያንን በወንጌል ልጁ እንዲፈወስለት ኢየሱስን የለመነውን አባት ጸሎት እደግማለሁ፤ አምናለሁ፣ አለማመኔን እርዳው። ሱቄ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ለሚያስነሳ ሰው የተበላሸውን ገጽ አልቆጥርበትም። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሰዓት እጠብቃለሁ። ለቁርባን 18 ሰዓት ነው የሚጾመው፤ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ለመቀበል ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በፊት መብላት አለብኝ። (ለባለትዳር ከምግብ ሌላም የሚጾም ነገር አለ፤ እሱን ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።)

ወንድሜ ገና አልጀመረም። እሱ የተጋባው በማዘጋጃ ቤት ነው፤ ሥርዓቱን ለመፈጸም ከአባ ጋር እየተነጋገሩ ነው መሰለኝ፣ አይነግረኝም። ባለፈው ቅዳሜ ማሽኑ ወረቀት ይዞብኝ ስታገል ስልኬ ጮኸ።

«ስምንት ተኩል ሆኗል፤ በላህ?»

«ገና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ማሽኑን እንደተከፈተ ትቼ ሽሮ ፍለጋ ሮጥኩ።