የሉተር ስም

ዛሬ የእህቴ ልጅ ለክፍል ያዘጋጀውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ሲያነብልኝ የፕሮቴስታንት ንቅናቄ ጀማሪው «ማርቲን ሉተር» ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። «አጎቴ፣ ሰውዬው ጀርመን አይደል እንዴ? ታዲያ ለምንድነው ምላሴን ጥርሴ መሃል አስገብቼ የምጠራው?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቲ» እና «ኤች» ጎን ለጎን ሲያዩ የምላሳቸውን ጫፍ በጥርሳቸው መሃል ብቅ አድርገው ትንፋሽ ያወጣሉ። በ«ት» እና በ«ስ» መካከል ያለ ድምፅ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ፊደል የለንም። ጀርመኖች ግን ኤቿን አያነቧትም። ጥርት ያለ «ት» ይላሉ፤ የመጨረሻዋ «ር» ደግሞ ልትሰማ ምንም አይቀራት፣ ትዋጣለች። ስለዚህ ለጀርመንኛው የሚቀርበው የእኛው «ሉተር» ነው። ክፍል ውስጥ ግን በእንግሊዝኛው አጠራር አንብብ አልኩት። ማርቲን ሉተር ኪንግንም የሚጠሩት እንደዚያው ነው፤ ስህተት የለውም።

ጀርመናዊው ሉተር ራሱ እኮ የቤተሰቡ ስም «ሉደር» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1517 ገደማ ነው «ሉተር» ብሎ መጻፍ የጀመረው።

ከዚያ ልጁ የማያውቀውን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ሉተር ይኖርባት ወደነበረችው የጀርመን ከተማ ወደ ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይቷል። ሉተርም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ነው የሸኘው። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። «የኛ ሰው?» አለና ወዲያው እስክሪብቶ አነሳ። ይህን ታሪክ ልጆቻችን ከእኛ አፍ ቢሰሙት እንዴት ደስ ባለኝ!