እናቴ የተመላለሰችበት መንገድ

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እኔና ባለቤቴ ከአባይ በረሃው ድልድይ ተነሥተን ባሕር ዳር እስክንደርስ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ በብስክሌት ተጉዘናል። የጉዞው ዓላማ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ማስተማርና ከጎጃም ገጠር ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለሚላኩ እናቶች የመጓጓዣና የማደሪያ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ብዙዎች «ለምን በብስክሌት? ለምንስ በዚያ መንገድ?» ብለው ጠይቀውን ስለነበር፣ መልሱን በጽሑፍ ማኖር እንደሚገባኝ ተሰማኝ።

እናቴ የደምበጫ ገጠር ሴት ነበረች። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ከሦስት ዓመት በኋላ ደም መፍሰስ ሲጀምራት፣ እንደ አብዛኞቹ የአካባቢዋ ሴቶች ነገሩን በሆዷ ይዛ ወራት አሳለፈች። በመጨረሻ ለታላቅ እኅቴ ነግራት ወደ አንድ ክሊኒክ ቢሄዱም፣ የማኅፀኗን በር ማንም ሳያይላት «ኢንፌክሽን ነው» ተብላ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመለሰች፤ ይህም ሦስት ጊዜ ተደገመ። በ2008 ዓ.ም. ትክክለኛው ምርመራ ሲደረግላት በሽታው ከማኅፀን በር አልፎ ተሰራጭቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ መታከም ግድ ሆነባት። ዛሬ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ሕክምናው መጀመሩን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ እናቴ ግን አልደረሰችበትም።

ሁለት ጊዜ አብሬያት ተጉዣለሁ። ወንበር ላይ መቀመጥ ያማት ስለነበር ጋቢዋን አራት አጥፋ ከሥሯ ታነጥፈዋለች፤ አውቶቡሱ አባይ በረሃ ገብቶ መጠማዘዝ ሲጀምር ደግሞ ዐይኗን ጨፍና የፊተኛውን ወንበር ብረት በሁለት እጇ ትጨብጣለች። ስንመለስ ደጀን ወጥተን አየሩ ሲቀዘቅዝ ነበር እጇን የምትለቀው። ያን ጊዜ መዳፏ ላይ የብረቱ ምልክት ቀልቶ ይታይ ነበር።

ሕክምናው በየቀኑ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ አምስት ሳምንት ያህል ስለሚቀጥል፣ ከጎጃም የሄደች ሴት ያን ሁሉ ጊዜ የምታድርበትና የምትበላው፣ አብሯት የሚቀመጥም አስታማሚ ያስፈልጋታል። የእናቴ ላም የተሸጠችው ለመድኃኒት ሳይሆን ለአልጋ ኪራይ ነበር፤ ጊደሯም እንዲሁ። አንዳንዷ ሴት የሪፈር ወረቀቷን አጣጥፋ በሣጥን አስቀምጣ ቤቷ የምትቀረው ሕክምናውን ስለናቀች ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ የምታርፍበት ስለሌላት መሆኑን ያወቅሁት በእናቴ ሕመም ምክንያት ነው። እናቴ በ2010 ዓ.ም. ዐረፈች።

ባሕር ዳር ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳዋል፤ እኔና ባለቤቴም ወደ ሥራ የምንሄደው በብስክሌት ነበር። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። «እማማ የሄደችበትን መንገድ እኛ በጉልበታችን እንሂድበት፤ ሰውም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚችለውን ይስጥ» አለኝ። ዘመዶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችንና የዕድር ጓደኞቻችን በኪሎ ሜትር አንድ ብርም ሁለት ብርም እያሉ ቃል ገቡልን። ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ይዘን፣ የገንዘብ መያዣውን ሣጥን ቁልፍ ለሦስተኛ ሰው ሰጥተን ተነሣን። ካኔተራ አሳትሙ ያሉን ነበሩ፤ ለካኔተራ የሚወጣው ገንዘብ የአንዲት እናት የብዙ ቀን ማደሪያ መሆኑን አስበን ተውነው። ዛሬም ቢሆን በዚህ አቋሜ የጸናሁ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም የከበደ ነበር። 303 ሜትር የሚረዝመውን የህዳሴ ድልድይ የተሻገርነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ከዚያ እስከ ደጀን ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ይሁንና በዚያች አጭር ርቀት ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ሦስት ሰዓት ሳይሆን የበረሃው ሙቀት ከአስፋልቱ ይነሣ ጀመር። የጭነት መኪኖቹ በከባድ ማርሽ እያጓሩ ሲያልፉን ጥግ ይዘን እንቆማለን፤ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ያዩናል። እኩሌታውን መንገድ እየገፋን በእግራችን ነው የወጣነው። አንድ ኩርባ ላይ የባለቤቴ ብስክሌት ካቴና ተበጠሰ፤ እሱ በጥላ ሥር ተንበርክኮ ጥርስ በጥርስ ሲያገጣጥም እኔ በሶ በጥብጬ ጠበቅሁት። በዚያች ሰዓት ከኮርቻው የተነሣ ወገቤም ጭኔም ይጠዘጥዘኝ ነበር። የእኔ ሕመም አንድ ሌሊት ሲያርፍ የሚለቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እናቴ ያን ጋቢ ስታጥፍ የነበረችበትን ምክንያት ከዚያ ቀን በፊት የተረዳሁት በቃል ብቻ ነበር። ደጀን ስንገባ ቀትር አልፏል።

ከደጀን በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ ድረስ ያለው 70 ኪሎ ሜትር በእርሻ መካከል ያልፋል፤ ጤፉ ማዘርዘር ጀምሮ ነበር፣ የጮቄ ተራራም በስተቀኛችን ይታየን ነበር። ስለዚያ ቀን የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ መንገዱ ደኅና ነበር፣ ሰዉም በደግነት አሳደረን።

ልቤ ውስጥ የቀረው ከደምበጫ ወዲህ፣ ወደ ጂጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ያገኘነው ገበያ ነው። እኔ ሴቶቹን ለብቻ፣ ባለቤቴ ወንዶቹን ከዋርካው ሥር ሰብስበን እንናገር ነበር። ወንዶቹን መተው ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል፤ ላሙን ለመሸጥ የሚወስነውም፣ ሚስቱ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ የሚፈቅደውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነውና። አንድ ዱላ የተመረኮዙ ሽማግሌ «ልጄ፣ የሴት ነገር በገበያ ይወራል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ባለቤቴም «አባቴ፣ እኔም እንደዚሁ ዝም ብዬ ነው አማቴን የቀበርኋት» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ምርመራው የሚደረገው የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ጠየቁት።

በእኔ በኩል አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ከፊት ተቀምጣ ስታዳምጠኝ ቆይታ «እቴ፣ እኔ ምንም አያመኝም፤ ያላመመኝን ምን ብዬ ልታይ?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ጉዞ የተጠቀምሁበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ምርመራው የተሠራው ላላመማት ሴት ስለሆነ። በሽታውን የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ ስለሚፈጅ፣ በመካከል ደርሶ ማስቆም ይቻላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ነርሷ የማኅፀኑን በር በተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ፣ ትቀባዋለች፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቁስል ካለ ቦታው ከደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ያም በዚያው ቀን ቁስሉን በኃይለኛ ቅዝቃዜ በማጥፋት ሊታከም ይችላል። ነጭ ነገር ካልታየ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለሺ ትባል ነበር። ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ ክትባት መኖሩንም ነገርኋቸው። ጠበል የምትሄድ ካለች ጠበሏን ሳትተው ምርመራውንም እንድታደርግ ለመንኋቸው፤ እናቴ ሁለቱንም ይዛ ነበር፣ የዘገየችው በምርመራው ነው።

ንግግሬን ስጨርስ ያች ሴት ተነሥታ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። ከቋጠሮው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ዐሥር ብር አውጥታ፣ በመዳፏ ላይ ዘርግታ በአውራ ጣቷ ካስተካከለች በኋላ ሣጥኑ ውስጥ ከተተቻት። ጨው ልትገዛባት የመጣች እንደነበር ከጎኗ ያለችው ነገረችኝ።

ከፍኖተ ሰላም በቡሬ አድርገን እንጅባራ ስንገባ ብርዱ ጣታችንን አደነዘዘው፤ ዳንግላ ላይ ጎማዬ ተንፍሶ አንድ ጎሚስታ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሠራልኝ። በስድስተኛው ቀን ከመራዊ ጀምሮ የባሕር ዳር ወጣት ብስክሌተኞች ተቀላቅለውን ዘንባባው ጥላ ሥር አብረውን ገቡ። ቃል የተገባልን ገንዘብ 71,400 ብር፣ በመንገድ ሣጥኑ ውስጥ የገባው ደግሞ 6,385 ብር ሆነ። ይህ ስድስት እናቶችን ከነአስታማሚዎቻቸው አዲስ አበባ አድርሶ፣ ሕክምናቸውን እስኪጨርሱ አሳድሮ ወደ ቤታቸው መልሷል።

ኅዳር ሲገባ ያች የመቀነት ሴት ታማ የተኛች እኅቷን ልትጠይቅ ባሕር ዳር መጥታ ስልክ ደወለችልኝ። ቤት መጥታ ቡና ጠጣን። ተመርምራለች፤ «ነጭ ነገር አልታየብሽም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለሺ አሉኝ» አለችኝ። ዓመቱ እንዳይጠፋባት በወረቀት እንድጽፍላት ጠየቀችኝና በትልቁ «2017» ብዬ ጻፍሁላት። ማንበብ ባትችልም ቁጥሩን ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ዐሥር ብሯ በነበረችበት ቋጠሮ ውስጥ አሰረቻት።