የማይታሸገው ወይን

እንቁጣጣሽን ሥራ ላይ ማሳለፍ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጠሩ። የምሠራው ጀርመን ውስጥ፣ ፋልዝ በሚባለው የወይን አገር፣ በአንዲት ትንሽ የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያ ነው። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ እንግዳ እቀበላለሁ። በኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ጎረቤታችን ባድ ዱርክሃይም ዓመታዊ የወይን ጠጅ በዓሏን ታከብራለች። ያን ጊዜ ዕረፍት መጠየቅ አይታሰብም።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ነዋሪዋ 20 ሺህ አይሞላም። በሴፕቴምበር ሁለተኛና ሦስተኛ ቅዳሜና እሑድ ግን ከ600 ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍባታል። የበዓሉ ስም ቩርስትማርክት ነው፤ የቋሊማ ገበያ እንደማለት። ቋሊማውም አለ፤ ሰው የሚመጣው ግን ለወይን ጠጁ ነው። በዓለም ትልቁ የወይን ጠጅ በዓል እየተባለ ይጠራል።

አጀማመሩን ስሰማ ልቤን ነካኝ። ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ነበር። ለክብረ በዓሉ ተሳላሚ ይወጣል። ገበሬው ደግሞ ወይን ጠጁንና ዳቦውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ተሳላሚውን ይከተላል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. እስከ 1417 ወደኋላ ይሄዳል። እኔ ቁልቢ ገብርኤል ሄጄ አውቃለሁ። በንግሡ ሰሞን ድሬዳዋ አልጋ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። እግዚአብሔር ፊት ለመቆም የመጣ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ማደሪያም ይፈልጋል። ዛሬም ረጃጅም ጠረጴዛና ጠባብ አግዳሚ ያላቸው የወይን ጠጅ ድንኳኖች የሚጠሩት በዚያ የእጅ ጋሪ ስም ነው።

አሁን ወደ ገጠመኜ ልምጣ።

ሥራ የጀመርኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ከሃምቡርግ የመጡ ባልና ሚስት አራት ቀን እኛ ጋ አርፈዋል። ጡረታ የወጡ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ወደዚህ አገር ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ማታ ማታ ከበዓሉ ሲመለሱ ያዩትን ይነግሩኛል። ግማሽ ሊትር የሚይዘው፣ ገላው በክብ በክብ የተሰረጎደው ብርጭቆ ገርሟቸዋል። አንዱ ጠጥቶ ለአጠገቡ ያቀብላል፤ የማያውቁት ሰው ሳይቀር ከብርጭቋቸው ጠጥቷል። በወይን ጠጅ በርሜል ቅርጽ የተሠራውንም ትልቅ ቤት አይተዋል። በ1934 የተሠራ፣ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ሊይዝ የሚችል በርሜል ነው። ወይን ጠጅ ግን ገብቶበት አያውቅም፤ ውስጡ ምግብ ቤት ነው።

ከሁሉም በላይ የወደዱት ግን አዲሱን ወይን ነው። ፌደርቫይሰር ይሉታል፤ ላባ የመሰለ ነጭ ማለት ነው። ገና እየፈላ ያለ የወይን ጭማቂ ነው። እርሾው ውስጡ ደመና መስሎ ይዋልላል። ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል፤ ይጣፍጣል፤ አፍ ላይ ይነዝራል። የአልኮል መጠኑ 4 በመቶ ገደማ ሲደርስ መሸጥ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላም በየቀኑ እየበረታ ይሄዳል። የሚገኘው በአዝመራ ሰሞን ብቻ ነው። ከትኩስ የሽንኩርት ኬክ ጋር ይጠጣል።

ሰኞ ጠዋት ሊሄዱ ሲሉ ለልጆቻቸው የሚሆን ስድስት ጠርሙስ ገዙ። አሠሪዬ ገበያ ወጥተው ስለነበር ዕቃቸውን የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹን ሳይ ደነገጥኩ። አፋቸው ላይ ስስ ፎይል ብቻ ነው ያለው። አንዱ አንገቱ ድረስ አረፋ ደፍቆ ይንጠባጠባል። «ይህን ያህል መንገድ እንዲህ ሆኖ እንዴት ይሄዳል?» አልኩ። ኩሽና ገብቼ ከመሳቢያ ቡሽ አወጣሁ። ስድስቱንም በመዳፌ እየመታሁ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኳቸው። እንዳይጋጩ በፎጣ ጠቀለልኳቸው። ከልብሳቸው ሻንጣ ጎን፣ መኪናው ኋላ አጋደምኳቸው። ሰዎቹ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። መኪናዋ እስክትታጠፍ ድረስ እጄን አውለበለብኩ። ቀኑ ፀሐያማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ሚስትየው ናቸው። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ከኋላቸው ጥይት የሚመስል ድምፅ ሰምተው መኪናውን ዳር አቁመዋል። ሲከፍቱት አራቱ ቡሽ ተፈናጥሯል። አንደኛው ጠርሙስ ተሰነጣጥቋል። ልብሱ፣ ሻንጣው፣ ምንጣፉ ሁሉ በወይን ርሷል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። መኪናውን የሚነዱት ግን ባልየው ናቸው፤ ያ ድምፅ ሲጮህ ቢደነግጡስ ኖሮ? ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

አሠሪዬ ሲመለሱ የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። መጀመሪያ ለሰዎቹ ደወሉ። ይቅርታ ጠየቁ፣ የማጽጃውን ወጪ እንደሚከፍሉ ነገሯቸው። ከዚያ ወደ ኩሽና ጠሩኝ። አንድ ጠርሙስ አዲስ ወይን ጠረጴዛው ላይ አቁመው «ጆሮሽን አስጠጊ» አሉኝ።

አስጠጋሁ። ስስ ድምፅ ነው። ሽ… እያለ፣ መሃል መሃሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ጠጅ ስትጥል እንስራው ጥግ ላይ ይቀመጣል። እኔ ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ታስረዋለች እንጂ አታፍነውም። «ይተንፍስ» ትለኛለች። ዘመድ ቤት በሃይላንድ ጠጅ ሲላክም ክዳኑን ላላ አድርጋ፣ «ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ ታክሲ ውስጥ እንዳታስተኚው» ብላ ነው የምትሰጠኝ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ፈረንጅ አገር ስመጣ ግን የእናቴ ጓዳ እዚህ ምን ይሠራልኛል ብዬ ትቼው ነበር። ያመመኝ ይህ ነው። ፎይሉን ሳይ የሰነፍ ሥራ መሰለኝ። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብዬ አንድ ሰው ብጠይቅ ይበቃ ነበር።

አሠሪዬ «ሳልነግርሽ የሄድኩት እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። ለሰዎቹ ምትክ ስድስት ጠርሙስ በፖስታ እንላክላቸው፣ ከደመወዜ ይቆረጥ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ወይን ወደ ሰው አይሄድም» አሉኝ። «ሰው ነው ወደ እሱ የሚመጣው። እኛም እንጀራ የምንበላው በዚህ ነው።»

ይህ ንግግራቸው ሥራዬን የምመለከትበትን ዓይን ለወጠው። ሪዝሊንግ የሚባለው የፋልዝ ነጭ ወይን ጠጅ ታሽጎ ዓለምን ይዞራል፤ የትም ሱቅ ገዝቶ መጠጣት ይቻላል። እርግጥ ፌደርቫይሰርም ራቅ ያለ ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ አይጠፋም። እድሜው ግን የቀናት ነው። ወይኑ ከተቆረጠበት ማሳ አጠገብ፣ ትኩሱ ኬክ ፊት ለፊት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ብርጭቆ እየተቀባበሉ መጠጣት ግን በካርቶን አይላክም። ሰው ለዚህ ሲል ባቡር ይሳፈራል፣ አልጋ ይይዛል፣ ቁርስ ይበላል፣ በማግስቱ ደግሞ የወይን ጎዳና የሚባለውን 85 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይዞ መንደር ለመንደር ይዞራል። ዳቦ ጋጋሪው፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ እኔም ከዚህ እናገኛለን። የዚያ ሰሞን ገቢ ነው ክረምቱን የሚያሻግረን። በዓል የሌለበትን ፌብሩዋሪ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ አዲስ ወይን ሲገዛ ጠርሙሱን ዝም ብዬ አላስረክብም። ቁርስ ላይ አቆመውና ጆሮአቸውን እንዲያስጠጉ እጋብዛለሁ። ስለ እናቴ እንስራ እነግራቸዋለሁ። ጠጅ የቀመሱም ያጋጥሙኛል፤ ፍራንክፈርት ሐበሻ ምግብ ቤት ጠጥተውት። አንዳንዶቹ አምቡላ ምን እንደሆነ ጭምር ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ ጨዋታው ቁርሱን ያስረሳቸዋል።

የሃምቡርጎቹ ባልና ሚስት በዓመቱ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ድምፃቸውን ለየሁት። አፌ ተሳሰረ። እሳቸው ግን «ያው ክፍል አለ?» ብቻ ነው ያሉኝ። የመጡት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ማታ ግቢ ውስጥ ከወይኑ ሐረግ ሥር ተቀምጠን አብረን ጠጣን። እኔም ድፎ ዳቦ ጋግሬ ነበር፤ ከአዲሱ ወይን ጋር ተስማማ።

ሲሄዱ የገዙት አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ፎይሉን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጌ ሰጠኋቸው። ሚስትየው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡና ጠርሙሱን በሁለት እግራቸው መሃል ቀጥ አድርገው አቆሙት። አንገቱን በእጃቸው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው እያውለበለቡልኝ ሄዱ።