ሁለቱ ሐሚልተኖች

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ጳጉሜ ስድስተኛ ቀን የምታገኘው በአራት ዓመት አንዴ ነውና ቀኑ ከአእምሮዬ አይጠፋም። በይበልጥ የማልረሳው ግን በእኔ እጅ በተጻፈ አንድ ቃል ምክንያት የአዛውንቶች ምሳ የጫነ መኪና ከመንገዱ ስቶ ሌላ አገር የገባበት ቀን ስለሆነ ነው።

የምሠራው ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ተርንፓይክ በሚባለው አውራ ጎዳና ኤግዚት 8ኤ አጠገብ ከተደረደሩት መጋዘኖች በአንዱ ነው። ሥራዬ ዲስፓቸር ነው፤ የትኛው ሹፌር የትኛውን ጭነት ይዞ በየት በኩል እንደሚሄድ ሌሊት እያለ አዘጋጅቼ ወረቀቱን እሰጣለሁ። የምንጭነው ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ምግብ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለአረጋውያን መንከባከቢያ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ሱቅ ከሚጠብቅ ዕቃ ጋር አይመሳሰልም፤ ሰው ይርበዋል።

መጋዘናችን የቆመው ግዛቱ መሃል ላይ ነው። «መሃል» ማለት ግን እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ኒው ጀርሲ በአንድ ወገን ኒው ዮርክ፣ በሌላው ወገን ፊላደልፊያ ይጎትቷታል፤ በሁለት ጫፍ የተበሳ በርሜል ናት የሚል የቆየ አባባል አላቸው። በአሜሪካ ፉትቦል በሰሜን ያለው ለኒው ዮርኮቹ ቡድኖች ለጃያንትስ ወይም ለጄትስ ይጮኻል፣ በደቡብ ያለው ለፊላደልፊያው ኢግልስ። ጃያንትስ ከ1976፣ ጄትስ ደግሞ ከ1984 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚጫወቱት ኒው ጀርሲ መሬት ላይ፣ ኢስት ራዘርፎርድ ነው፤ ስማቸው ግን ዛሬም ኒው ዮርክ ነው። ከዚያ አካባቢ የመጡ ሹፌሮች ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ስታዲየሙን ተሸክመን ስሙን ሌላ ወሰደው ይላሉ። ቁርስ ላይ የሚበሉትን የአሳማ ሥጋ እንኳ በአንድ ስም አይጠሩትም፤ ሰሜኖቹ ቴይለር ሃም፣ ደቡቦቹ ፖርክ ሮል ይሉታል። ሥጋው አንድ ነው፣ ሁለቱም ወገን ምንጩ የግዛቱ ዋና ከተማ ትሬንተን መሆኑን ያውቃል፤ ሆኖም በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ሲውሉ አይቻለሁ። ከጊዮርጊስና ከቡና ጨዋታ ማግስት አዲስ አበባ ቢሮ የገባ ሰው ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከሁሉም የሚያከራክረው ግን «ሴንትራል (ማዕከላዊ) ጀርሲ የሚባል ነገር አለ ወይስ የለም?» የሚለው ነው። ከሰሜን ጫፍ ለመጣ ሰው ራሪታን ወንዝን ከተሻገርክ ደቡብ ነህ። ከደቡብ፣ ከካምደን ለመጣው ደግሞ ከትሬንተን በላይ ያለው ሁሉ ሰሜን ነው። መሃል ላይ የተወለደው ሰው ሁለቱም ወደ ሌላው ይገፉታል። የግዛቱ የቱሪዝም ካርታ ራሱ አገሩን ለስድስት ሲከፍል ሴንትራል የሚል ስም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2023 ገዥው ፊል መርፊ በሕግ ፈረሙበት፤ ካርታው ሴንትራል ጀርሲን እንዲጨምር፣ ቢያንስ ሐንተርደን፣ መርሰር፣ ሚድልሴክስና ሶመርሴት የሚባሉ ካውንቲዎች (አውራጃዎች) በስሙ ስር እንዲሆኑ ታዘዘ። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል በመጋዘናችን የሦስት ሳምንት ክርክር አስነሳች። የሞንመዝና የኦሽን ካውንቲ ልጆች እኛስ አሉ።

አብረውን የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ቡታጅራ ተወልደው ያደጉ፣ ሐሚልተን የሚኖሩ አንጋፋ ሹፌር። ሕጉ በወጣ በማግስቱ ስልካቸውን ይዘው ወደ መስኮቴ መጡ።

«አየህ? በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ማዕከላዊ ሆንኩ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በዚያው ነሐሴ ወር፣ ቀናት ብቻ ቀደም ብሎ፣ የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፍሎ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባል ክልል ተመሥርቶ ነበር፤ ቡታጅራም እዚያ ውስጥ ገባች። ጋሼ ነገሩን ሲያወሩት ቀስ ብለው ነው። «በልጅነቴ ሸዋ ነበርን። ከዚያ ደቡብ ሆናችሁ ተባልን። አሁን ደግሞ ማዕከላዊ። የአባቴ ቤት ግን ከተሠራበት ንቅንቅ አላለም። በአዲሱም ስም ሁሉም ሰው አልተስማማም፣ ይገባኛል። እኔ ግን ያ ደቡብ የሚሉት አንድ ቀን አልጣመኝም። ደቡብ የማን ደቡብ ነው? አዲስ አበባ ላይ የቆመ ሰው ያወጣው ስም ነው። አቅጣጫ ነው እንጂ ስም አይደለም።»

ሰማኋቸው፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። ያኔ በደንብ አዳምጬ ቢሆን የሚቀጥለው ነገር አይመጣም ነበር።

በዚያው ሰሞን አለቃዬ የመንገድ ምድቦቻችንን ከሦስት ወደ ሁለት እንድቀንስ ጠየቀኝ። ሁለት የፈረቃ ኃላፊ ነው ያለን፣ ምድቡም ሁለት ይሁን አለ። እኔም ካርታ አውጥቼ 195 በሚባለው ጎዳና ላይ መስመር ሳብኩ። ከመንገዱ በላይ ሰሜን፣ ከመንገዱ በታች ደቡብ። ሴንትራል የሚለውን ሰረዝኩት። በልቤ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ስሙ ከጠፋ ክርክሩም ይጠፋል ብዬ። ማንንም አልጠየቅሁም። 195 ሐሚልተንን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ግን አላስተዋልኩም። ጋሼ የሚኖሩባትን ከተማ በእስክሪብቶ ለሁለት ከፍያት ነበር፣ ግማሿን ሰሜን፣ ግማሿን ደቡብ ብዬ።

ሌላው ያላሰብኩት ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሐሚልተን የሚባል ታውንሺፕ (በካውንቲ ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ሁለት መሆኑን ነው። አንዱ መርሰር ካውንቲ፣ ከትሬንተን ጎን፣ ከእኛ የሃያ ደቂቃ መንገድ። ሌላው አትላንቲክ ካውንቲ፣ ከአትላንቲክ ሲቲ ወዲህ ሜይስ ላንዲንግ አካባቢ፣ ከእኛ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይሆናል። የስልካቸው ኮድ እንኳ አንድ ነው፣ 609። በእርግጥ ይህ ግዛት በስም ድግግሞሽ የታወቀ ነው፤ ዋሽንግተን፣ ፍራንክሊን፣ ስፕሪንግፊልድ የሚባሉ ታውንሺፖችም ከአንድ በላይ ናቸው። ድሮ በሦስቱ ምድብ ስንሠራ «ሐሚልተን፣ ሴንትራል» ካለ የትሬንተኑ፣ «ሐሚልተን፣ ደቡብ» ካለ የባሕሩ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ያቺ የሰረዝኳት ቃል ለካ ሥራ ላይ ነበረች።

ያን ሰኞ ሌሊት መጋዘኑ ሲሞላ እሑድ ማታውን ጃያንትስ በዳላስ ካውቦይስ 40 ለ0 ተሸንፎ አደረ። ኢግልስ በዚያው ቀን ፓትሪዮትስን 25 ለ20 አሸንፏል። የደቡቦቹን ሁኔታ ልትገምቱ ትችላላችሁ። የዕረፍት ክፍሉ ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው በአረንጓዴ ማርከር ትልቅ 40 ጽፎበታል። ሌላ ጊዜ ሰማያዊ ኮፍያ የማይለያቸው ሰሜኖች በባዶ ራስ ነው የገቡት። ከመካከላቸው ሥራ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ የሆነ ወጣት አለ፤ የበርገን ካውንቲ ልጅ ነው፣ ከግዛቱ ደቡብ የሚያውቀው ነገር የለም። በር ላይ ቆመው ቀለዱበት፣ ሲፈርም ቀለዱበት፣ መኪናውን ሲፈትሽ ተከትለውት ወጡ። እኔም ከመስኮቴ ጀርባ ሆኜ አየሁ፤ ጨዋታ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያ ማድረሻው «ሐሚልተን፣ ደቡብ» ይላል። የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ወተት፣ ዶሮ፣ ለመዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች የተፈጨ ምግብ። ዚፕ ኮዱ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር) በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ሳይታተም ቀርቷል። የመንገዱ ስም በየከተማው የሚገኝ ዓይነት ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ሲጽፈው ሁለት ሐሚልተን መጣለት። በዚያ ሰዓት ከአጠገቡ የነበሩት አምስት ደቡቦች ናቸው፣ ቦታውን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ። አንዱን ቢጠይቅ በአንድ ቃል ይነግረው ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሳቁበት ያደሩ ሰዎችን «መንገዱን አሳዩኝ» ብሎ ሊጠይቅ አፉ አልቻለም። ወረቀቴን አመነ። ደቡብ የሚል ተጽፏል፣ ወደ ደቡቡ ሄደ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የመንከባከቢያው ወጥ ቤት ኃላፊ ደወለች። አልተቆጣችም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «ምግቡ የታለ?» አለች፤ ቀጠለችናም ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ የምታቀርብላቸው ሰዎች እንዳሏት፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወስዱ መሆናቸውን በእርጋታ ነገረችኝ። ልጁ ጋ ደወልኩ።

«ደርሻለሁ» አለኝ። «ሐሚልተን ነኝ። ግን ቁጥሩን አላገኘሁትም። ከፊቴ ሐሚልተን ሞል ይታየኛል።»

ሐሚልተን ሞል ሲል ደሜ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ሞሉ ያለው በአትላንቲክ ሲቲ ኤክስፕረስዌይ አጠገብ ነው።

ተመለስ ብለው ለምሳ አይደርስም። መጋዘን ውስጥ ከሌላ ትእዛዝ የተረፈ ዕቃ ነበር፤ ፎርክሊፍት ላይ ያሉትን ለምኜ የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳልፍ ያህል በትንሿ ማቀዝቀዣ መኪና አስጫንኩ። ሹፌር ግን አልነበረኝም። ጋሼ ለበዓሉ ዋዜማ ፈቃድ ወስደው ቤታቸው ናቸው። እያፈርኩ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በበዓል ዋዜማ...»

«ምን ሆንክ? ዝም ብለህ ተናገር።»

ነገርኳቸው። ለአፍታ ዝም አሉ። ከበስተጀርባ የሽንኩርት ቁሌት ሲንጫጫ ይሰማኛል። «ያ ቤት እኮ ከሰፈሬ ነው» አሉ። «ጎረቤቴ እናቱን እዚያ ነው ያስገባቸው። መጣሁ።»

ነጭ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ መጡ፤ መኪናውን ይዘው ወጡ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል የወጥ ቤቷ ኃላፊ የፈረመችበትን ወረቀት ፎቶ ላኩልኝ። ከወረቀቱ ጎን የተከፈተ የወተት ሣጥንና የእሳቸው አውራ ጣት ይታያል። ያን ፎቶ እስካሁን አላጠፋሁትም።

ሲመለሱ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱን አንስተው በጣታቸው ደቡብ የሚለውን ነኩት። «እኔ ሐሚልተን ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ወንዱ ልጄ ጃያንትስ፣ ሴቷ ልጄ ኢግልስ ናት፤ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እንዲህ ዓይነት ቤት ሰሜንም ደቡብም አይደለም። ይህን ከእኔ ሌላ ማን ይንገርህ? ልጄ፣ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

መልስ አልነበረኝም። ለእናቴ ስደውል ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ኒው ዮርክ ነው ያለው» እንደምትል ትዝ አለኝ። አንድም ቀን አርሜያት አላውቅም፤ ማስረዳቱ ስለሚያደክመኝ እንዲሁ ማለፍ ለምጄ ነበር። በማግስቱ እንኳን አደረሰሽ ልላት ስደውል ኒው ጀርሲ እንደምኖር ነገርኳት፤ ስሙን ሁለት ሦስቴ ደጋግማ ያዘችው።

የበርገኑ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ወረቀቱ የኔ ስህተት መሆኑን በሁሉም ፊት ተናገርኩ፤ ለአለቃዬም በጽሑፍ ያንኑ አሳወቅሁ። ነጩ ሰሌዳ ላይ የነበረውን 40 ራሱ የጻፈው የካምደኑ ሹፌር ነው ያጠፋው፤ ማንም አላዘዘውም። ከዚያ ልጁን ወስዶ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ሁለቱን ሐሚልተን አሳየው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በወረቀታችን ላይ ከከተማው ስም ቀጥሎ ካውንቲው ይጻፋል፣ ዚፕ ኮዱም መሃል ላይ ነው የሚታተመው። ምድቡም ወደ ሦስት ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን መስመር አልሳብኩም፤ ዝርዝሩን ይዤ ሹፌሮቹን በየተራ፣ እያንዳንዱን ስለ ራሱ ከተማ ብቻ ጠየቅሁ። ሰው ስለ ጎረቤቱ ከተማ ሲጠየቅ ይቀልዳል፣ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን አስቦ ነው የሚመልሰው። ፕሪንስተን ሴንትራል። ኤዲሰን ሴንትራል። ሐሚልተን፣ የመርሰሩ፣ ከጎዳናው ወዲያም ወዲህም ሴንትራል፤ ይህን ጋሼ በራሳቸው እጅ ጻፉት። ኦሽን ካውንቲ ላይ ስንደርስ እዚያ የሚኖሩት ሁለቱ ሹፌሮች አልተስማሙም፤ አንዱ ሴንትራል ነን ይላል፣ ሌላው እኛ ሾር ነን፣ ባሕር ዳር ነን፣ ከማንም ጋር አትደምሩን ይላል። ልወስንላቸው አልፈለግሁም። እዚያ ረድፍ ላይ የካውንቲው ስም ብቻ አለ፤ የምድቡ ሳጥን ዛሬም ባዶ ነው።