«ምን ቀየራችሁ?»

ሾፌሩ ሁለት ስሞታ ይዞ ጋራዣችን መጣ። ባለ አራት ጎማዋ ሞተር ቁልቁለት ላይ እጁን ከጋዙ ሲያነሳ ሞተሩ አይዛትም፤ ዝም ብላ ትንደረደራለች። ቆማ ማርሽ ሲያስገባ ደግሞ ጋዝ ሳይነካ መሳብ ትጀምራለች። በደባርቅ በኩል ለሚሠራ ሰው ይኼ ቀልድ አይደለም።

ከእኛ በፊት ያዩዋት መካኒኮች ለመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ቀየሩ። ለሁለተኛው ሚኒሞውን፣ ማለትም ጋዝ ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ዝቅ አደረጉ። አሁን ማርሽ ሲገባ ትጠፋለች። ሦስተኛ ስሞታ!

«መቼ ጀመራት?» አልኩት።

«ቺንጊያዋ ተቀይሮ ፑሊው ከታጠበ ወዲህ።»

ክዳኑን ሳልፈታ ገባኝ። ቺንጊያ የሞተሩን ጉልበት ከፊተኛው ፑሊ ወደ ኋለኛው የሚያሻግር ቀበቶ ነው። የዚህች ሞተር ቺንጊያ ፊተኛው ፑሊ መሃል ላይ የሚያርፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚዞር ኩሽኔታ ላይ ነው። ቆማ ስትሠራ የሞተሩ ዘንግ ኩሽኔታው ውስጥ በነፃ ይሽከረከራል። ቁልቁለት ላይ ጎማው ቺንጊያውን ከዘንጉ ሲያስቀድመው ኩሽኔታው ነክሶ ሞተሩን ያስጎትታል። ገልብጠህ ከገጠምከው መያዝ ባለበት ይለቃል፣ መልቀቅ ባለበት ይይዛል።

ፈታነው። ተገልብጧል። ማን እንደገጠመው አውቃለሁ፤ ሠርቲፊኬቱን በመስታወት አሠርቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። የቺንጊያውን ብናኝ ጠርገን፣ ኩሽኔታውን አዙረን ገጠምን፣ ሚኒሞውንም መለስነው። ሾፌሩ ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል ፍሬኑን እምብዛም ሳይነካ ወርዶ እየሳቀ መጣ።

ከዚያ የሾፌሩ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ደወለ።

«ምን ቀየራችሁ?»

«ምንም። ኩሽኔታውን አዙረን ገጠምነው።»

«ያንኑ የራሷን?»

«የራሷን።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምንከፍለው?»

ላልፈየደ የፍሬን ሸራ ሳይጠይቅ የከፈለ ሰው ነው ይኼን የሚለኝ! በሩ ተዘግቶበት ቁልፍ ሠሪ የጠራ ሰው «በሩ ያው በሩ ነው» ብሎ ይከራከራል? ይኼንኑ ልለው አፌን ስከፍት አለቃዬ ስልኩን ተቀበለኝ።

«ጌታዬ፣ ቺንጊያም ጨምረን እንቀይርላት?»

«እሱማ ይቀየር እንጂ!» አለ፣ ድምፁ ፈክቶ። «ዕቃ ካለበት ሂሳቡ ያልፋል።»

ቺንጊያው ገና ቁጥሩ እንኳን ያልጠፋ አዲስ ነበር። ቀየርነው። የወጣውን ለሾፌሩ መጠባበቂያ ሰጠነው፤ ቢያንስ እሱ ተጠቀመ። የእኔ ሥራ ደረሰኙ ላይ «ቺንጊያ መግጠሚያ» ተብሎ ተጻፈ።

ሰሞኑን ሌላ ሞተር ልከውልናል። ደንበኛ ሆነናል መሰለኝ። ወረቀቷ ላይ ምን እንደሚያማት አንድም ቃል የለም። «ቺንጊያ ይቀየር» ይላል፣ በማኅተም።